የቁርጥማት ሕመምተኛና የሐኪሙ መንገድ
(በራዲዮ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ነገር ከአንድ ተራ ጥያቄ የተነሣ ነው። በወለንጪቲ የምትኖር፥ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ አንዲት እናት እንዳለች እናስብ። ጧት ከመኝታዋ ስትነሣ የእጅዋ ጣቶች አልታጠፍ ይሏታል፤ ጀበናውን ለማንሣት ፀሓይ እስክትሞቅ ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆንባታል። የጤና መድን መታወቂያዋን በጨርቅ ጠቅልላ በሣጥን አስቀምጣለች፤ የዓመቱንም መዋጮ ከፍላለች። ልጅዋ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነው። እርሱን የጠየቀችው አጭር ጥያቄ ይህ ነው፤ «ይህን መታወቂያ የሚቀበል የቁርጥማት ሐኪም ወዴት ይገኛል?»

ጥያቄው የጤና ጥበቃ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን መልሱን ስንፈልግ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚወስደን ሆኖ እናገኘዋለን። ምክንያቱም በዚያ በቆላው አገር ለሚኖር ሕመምተኛ ሐኪሙ ሁልጊዜ በሌላ ከተማ የሚገኝ ሰው ነበረ። እያንዳንዱ ዘመን ያደረገለት ነገር ቢኖር መንገዱን በጥቂቱ ማሳጠር ወይም የመንገዱን ዋጋ ማቃለል ነው።

አስቀድመን ስለ በሽታው ስም ጥቂት እንናገር። አማርኛችን «ቁርጥማት» ሲል ቃሉን ያወጣው «ቈረጠመ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሕመሙ አጥንትን እንደ ቆሎ የሚቈረጥም ሆኖ ስለሚሰማ ነው። «ሪህ» የሚለው ደግሞ ነፋስ ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል ጋራ አንድ ይመስላል። የጥንት ግሪኮች በበኩላቸው ከራስ ወደ ሌላው አካል እየወረደ የሚያሳምም ፈሳሽ አለ ብለው ያምኑ ስለ ነበር «ሬውማ» ማለት ፍሰት ብለው ጠሩት፤ አውሮጳውያን ሩማቲዝም የሚሉት ከዚህ ወጥቶ ነው። ስሙን ለመገጣጠሚያ ሕመም ለይቶ የሰጠው ፈረንሳዊው ሐኪም ጊዮም ደ ባዩ ሲሆን፥ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1642 ነው። እንግዲህ አንዱ ጥርስ አለ፥ አንዱ ነፋስ አለ፥ አንዱ ውሃ አለ። ሦስቱም ሕመምተኛው የተሰማውን ይናገራሉ እንጂ የሕመሙን ምክንያት አይናገሩም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የቀድሞ አባቶቻችንና እናቶቻችን ቁርጥማት ሲነሣባቸው ወጌሻ ያሻቸዋል፤ ዋግምት ያስደርጋሉ፤ ጠበል ይጠመቃሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ወደ ፍል ውሃ ይወርዳሉ። አዲስ አበባ ራስዋ የፍል ውሃ ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ፥ የአገሩ ሰው ፊንፊኔ በሚለው ምንጭ አጠገብ እየሰፈሩ ይታጠቡ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አድርገው ከተማዋ ተቈረቈረች። በወለንጪቲ አቅራቢያ ላለው ሰው ደግሞ ቅርቡ ፍል ውሃ ሶደሬ ነው። ሶደሬ ከአዳማ፥ ብዙዎቻችን ናዝሬት እያልን ካደግንባት ከተማ፥ በስተ ደቡብ በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል፤ ለመዝናኛነት ከመታወቁ አስቀድሞ የታመመ ጉልበትና የታመመ ወገብ ያውቀው ነበር።

ስለ ፍል ውሃ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ሲያፌዙ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋራ አልስማማም። ሙቅ ውሃ የተኰማተረውን ጡንቻ ያላላል፥ የሰውነትን ክብደት ከመገጣጠሚያው ላይ ያነሣል፥ ለአንድ ሌሊትም እንቅልፍ ይሰጣል። በአውሮጳም ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ለብዙ ዘመን ወደ ፍል ውሃ ከተሞች ሲልኩ ኖረዋል። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ፍል ውሃው ሕመምን ያስታግሣል እንጂ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሠራውን ጥፋት አያቆምም። ሕመምተኛው ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ሲመለስ በሽታው ሥራውን ይቀጥላል።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን በሰፊው መግባት የጀመረው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ነው። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በ1888 ዓ.ም. መጥተው ቁስለኞችን አከሙ፥ በአዲስ አበባም ሐኪም ቤት አቋቋሙ። በ1902 ዓ.ም. ገደማ የምኒልክ ሐኪም ቤት ተሠራ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በአዋሽ አድርጎ፥ በወለንጪቲና በአዳማ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ የቆላው ሕመምተኛ በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጅበትን ጉዞ በባቡር በአጭር ጊዜ ለመጨረስ ቻለ፤ የቲኬቱን ዋጋ ካገኘ ማለት ነው።

መንገዱን በእውነት ያሳጠረው ግን የናዝሬት ሐኪም ቤት ነው። ከጠላት ወረራ ማብቂያ በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም. ገደማ፥ የሜኖናይት ሚሲዮን ሰዎች ቀድሞ ጥጥ ይዳመጥበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሕክምና ጀመሩ። ሐኪም ቤቱም በወረራው ዘመን ሲዋጋ በወደቀው በሸዋው አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተጠራ። በዚያ ድሬሰሮች ይሠለጥኑ ነበር፤ ብዙዎቹም ወደ ልዩ ልዩ ከተሞችና ክሊኒኮች ሄደው ሕዝቡን አገለገሉ። በዚያን ጊዜ ድሬሰር ማለት በብዙ ቦታ ሐኪምም፥ ነርስም፥ ባለ መድኀኒትም ነበረ። ያ ሐኪም ቤት በኋላ ወደ መንግሥት እጅ ገብቶ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። ከወለንጪቲ እስከዚያ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ ሐኪም ቤት በ25 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ የእናቲቱ ጥያቄ ለምን አልተመለሰም? እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ ወዳልኋችሁ ነገር እንመለስ። ቁርጥማት የአንድ በሽታ ስም አይደለም።

በእርጅናና በሥራ ብዛት የመገጣጠሚያው ልባስ ሲያልቅ ጉልበት ይታመማል፤ ይህ አንዱ ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲወጋ የእጅ ትንንሽ አንጓዎች በሁለቱም ወገን ያብጣሉ፥ ጧት ጧት ከአንድ ሰዓት በላይ ይደርቃሉ፤ ይህ ሁለተኛው ነው፥ የእናቲቱም ምልክት ወደዚህ ያዘነብላል። ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም በዝቶ እንደ ጨው ሲረጋ የእግር አውራ ጣት በሌሊት ይነዳል፤ ትክክለኛው ሪህ ይህ ነው። በአርብቶ አደሩ ዘንድ እንደ ልማድ ያልተፈላ ወተት የጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስ ይዞት ወገቡንና ዳሌውን ሲያመው፥ እርሱም «ቁርጥማት ነው» ይላል። የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ የያዘውም እንዲሁ ይላል። ጉሮሮውን ታሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በየተራ ያበጠ ልጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ የእርሱ ቁርጥማት መገጣጠሚያውን ለቅቆ ልብን ይነክሳልና። ይህ ልጅ በወር በወር የፔኒሲሊን መርፌ ቢወጋ የልቡ በር ከተጨማሪ ጉዳት ሊድን ይችላል፤ «ቁርጥማት ነው፥ ያልፋል» ተብሎ ቢተው ግን ካደገ በኋላ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለስምጥ ሸለቆው ደግሞ አንድ የራሱ የሆነ ቁርጥማት አለው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋራ ተዋውሎ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር፥ ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ሠራተኞች በሸንኮራው እርሻ ሰፈሩ። የሚጠጡት ውሃ ከጕድጓድ የወጣ ነበር። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባለበት በዚህ አገር የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ሲመክር፥ በሸለቆው ብዙ ጕድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ የበለጠ ተገኝቷል። በዓመታት ውስጥ የልጆች ጥርስ በለዘ፤ ለብዙ ጊዜ ውሃውን የጠጡ ሠራተኞችም ጀርባቸው ደረቀ፥ አንገታቸው አልዞር አለ፥ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አጥንቱ ነርቫቸውን ተጭኖ እግራቸው ሰነፈ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋራ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1987 ባወጡት ጥናት፥ በሸለቆው ተወልደው ካደጉት ከመረመሯቸው ልጆች ከመቶ 80 በሚበልጡት ላይ የጥርሱን ምልክት አግኝተዋል። በወንጂ ውሃውን የሚያጣሩ መሣሪያዎች ቢተከሉም፥ አንድ ጊዜ በአጥንት ውስጥ የገባውን ፍሎራይድ መልሶ ማውጣት ቀላል አይደለም። ይህን ሕመምተኛ ፍል ውሃም ሆነ መርፌ አያድነውም፤ የሚያስፈልገው የመጠጥ ውሃው መለወጥ ነው። ይህንንም የሚነግረው «የምን ውሃ እየጠጣህ አደግህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ሲያገኝ ነው።

እንግዲህ ስድስትና ሰባት በሽታ በአንድ ስም ሲጠራ፥ የመጀመሪያው ሕክምና መለየት ነው። ሩማቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም ሙያው ይኸው ነው።

ሙያው በሌላው ዓለምም ቢሆን ወጣት ነው። የሐኪሙ መጠሪያ በአሜሪካ የተለመደው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1940 ወዲህ ነው። በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባለው የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ከአልጋዋ መነሣት ላልቻለች ሕመምተኛ ኮርቲዞን የተባለውን መድኀኒት ሰጥቷት በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ስትሄድ ዓለም ተደነቀ፤ እርሱና ሁለት ባልደረቦቹ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ደስታው ግን ብዙ አልቈየም፤ መድኀኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን ያሳብጣል፥ አጥንትን ያሳሳል፥ ስኳርን ያመጣል። ዛሬ በየከተማችን «የቁርጥማት መርፌ» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወጋው ብዙውን ጊዜ የዚህ መድኀኒት ዘመድ ወይም ዲክሎፌናክ ነው። ሕመሙን በአንድ ቀን ማጥፋቱ እውነት ነው፤ በወር በወር የሚወጋው ሰው ግን ጨጓራውንና ኵላሊቱን እየከፈለ ነው።

በቆላ ለሚኖር ሰው የሚያስገርም ሌላም ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወባን ለመከላከል ሜፓክሪን የዋጡ ወታደሮች ከእነርሱ መካከል የቁርጥማትና የቆዳ ሕመም የነበረባቸው ሲሻላቸው ታየ። ከዚያም ምርምር ተደርጎ፥ እኛ በመራራነቱ የምናውቀው የክሎሮኪን ዘመድ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዛሬ ከመገጣጠሚያ በሽታ መድኀኒቶች አንዱ ሆኗል። ሌላው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ በብዙ አገር ርካሽ ክኒን ሲሆን የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የዋጠ ሰው መርዝ ዋጠ ማለት ነው። ደምም በየጊዜው መመርመር አለበት። እነዚህ መድኀኒቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢጀመሩ መገጣጠሚያውን ከመበላት ያድኑታል፤ አንድ ጊዜ የተበላውን ግን አይመልሱትም።

በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የተጠናቀቀው ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ተላላፊ በሽታና የእናቶች ሞት በበዛበት አገር መንግሥትም ሆነ መምህራኑ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ወባ፥ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ወሊድ መሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ቁርጥማት አይገድልም ተብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚህም የተነሣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለን ሕዝቦች የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስቶቻችን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ የመገጣጠሚያ ክሊኒኩም በዋናነት የሚታወቀው በጥቁር አንበሳ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው ነገር እንምጣ። አብሮ ማዋጣትን እኛ ከማንም አልተማርነውም፤ ዕድር አለን። ነገር ግን ዕድራችን እንግዳ ጠባይ አለው፤ ለሞተው ሰው ድንኳን ይተክላል፥ ለታመመው ግን ብዙውን ጊዜ ከመጠየቅ በቀር የሚከፍለው የለውም። ለታመመ ሰው የሚከፍል መድን በመንግሥት ሕግ ያቋቋመው ጀርመናዊው ቢስማርክ ነው፤ ይህም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1883 ነው።

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቍጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ይህ አዋጅ ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከት ነው፤ በደንቡም ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፥ አሠሪውም እንዲሁ ከመቶ 3 እንዲያዋጡ ተወስኖ ነበር። አፈጻጸሙ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ሌላ ቀን ተላልፏል። ለገበሬውና በግሉ ሥራ ለሚያድረው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፥ በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። በኦሮሚያ ጊምቢቹ፥ ኩዩ፥ ደደርና ሊሙ ኮሳ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በኦሮሚያ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በወር 15 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ከአራቱ ክልሎች ተነሥቶም ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፋ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ደመወዝ የሌላት እናት የመድን መታወቂያ ስትይዝ፥ ደመወዝ ያለው ልጅዋ አዋጁ ይፈጸማል እየተባለ ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ይህን የምሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ብሆን ፈገግ ሳልል አልቀርም ነበር።

መድኑ የራሱ መሰላል አለው። ባለ መታወቂያው መጀመሪያ የሚሄደው ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ማስተላለፊያ ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል፤ ሆስፒታሉም እንዲሁ ወደ በላይ ይልካል። መሰላሉን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከወጪው ግማሹን ራሱ እንዲከፍል በሥርዐቱ ተደንግጎ ነበር። ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፤ ሁሉም ጕንፋን በያዘው ቍጥር ጥቁር አንበሳ ቢሰለፍ በጽኑ የታመመው ቦታ ያጣል። ነገር ግን ለቁርጥማት ሕመምተኛ መሰላሉ አንድ ችግር አለው። በታችኛው ደረጃ ያለው ጤና ባለሙያ «ቁርጥማት» ሲባል ሰምቶ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ቢመልሳት፥ እርስዋም ለጊዜው ቀለል ቢላት፥ ወረቀቱ ሳይጻፍ ዓመት ያልፋል። መድኑ የካርዱን፥ የምርመራውንና የመድኀኒቱን ዋጋ ይከፍላል፤ የአውቶቡሱን፥ በአዲስ አበባ የምታድርበትን ቤትና ያለፈውን ዓመት ግን አይከፍልም። ቀድሞ ደጃፍ ላይ ያስቀራት ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ የሚያስቀራት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ልጅዋ ለእናቱ ሊመልስላት የሚገባው መልስ፥ በእኔ አስተያየት፥ የሚከተለው ነው። በወለንጪቲ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት አትፈልጊ፤ በአዳማም ቢሆን መጀመሪያ የምትፈልጊው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ደምሽን አስመርምሮ፥ የእጅሽን ራጅ አይቶ፥ ከላይ የዘረዘርናቸውን በሽታዎች አብዛኛዎቹን ለመለየት ይችላል፤ ሕክምናውንም መጀመር ይችላል። ስፔሻሊስቱ የሚያስፈልገው ነገሩ ሲከብድ ወይም መድኀኒቱ አልሠራ ሲል ነው። ወደ ጥቁር አንበሳ የሚያደርሰው ወረቀትም ከዚያ ይጻፋል። ከመነሣትሽ በፊት ግን የወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ከየትኛው ሆስፒታል ጋራ ውል እንዳለው ጠይቂ፤ ውል የሌለበት ቦታ መታወቂያሽን አይቀበልም። የታዘዘው መድኀኒት በሆስፒታሉ ሲጠፋም ከውጭ የገዛሽበትን ደረሰኝ አትጣይ፤ ይመለስ እንደ ሆነ በዚያው ጽሕፈት ቤት አሳዪው።

ለጤና ጣቢያው ሰው ደግሞ «ቁርጥማት ይዞኛል» ብቻ ብላ ዝም እንዳትል ይንገራት። ጧት ጣቶችዋ ስንት ሰዓት ደርቀው እንደሚቈዩ፥ ያበጡት የትኞቹ አንጓዎች እንደ ሆኑ፥ በሁለቱም እጅ ወይስ በአንዱ ብቻ መሆኑን፥ ከተጀመራት ስንት ወር እንደ ሆነ፥ ትኵሳት እንዳለባትና ያልተፈላ ወተት ትጠጣ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ ምን ዐይነት መርፌ እንደ ተወጋች፥ በልጅነትዋም የጠጣችው ውሃ ከወንዝ ወይስ ከጕድጓድ እንደ ነበረ ትንገረው። ማስተላለፊያው ወረቀት የሚጻፈው በዚህ ቃልዋ ነው።